ባዕድ ዲስክን ስለ ማንበብ፦ የኮሞዶር 128 ኮምፒውተር ታሪክና ትምህርቱ

ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ሰዎች በየቤታቸው ባስገቧቸው አነስተኛ ኮምፒውተሮች የጻፉት ደብዳቤ፣ ያሰሉት ሒሳብ፣ የደረሱት ድርሰትና የሣሉት ሥዕል አብዛኛው የተቀመጠው ፍሎፒ ዲስክ በሚባለው ስስ የማግኔት ሰሌዳ ላይ ነው። እነዚህ ዲስኮች ከውጭ ሲታዩ አንዱ ከሌላው አይለይም። ሆኖም በአንዱ ፋብሪካ ኮምፒውተር የተጻፈውን ዲስክ ወስደው በሌላው ፋብሪካ ኮምፒውተር ውስጥ ቢያስገቡት፣ ኮምፒውተሩ ዲስኩ የተበላሸ ወይም ከቶ ያልተጻፈበት እንደ ሆነ አድርጎ ይመልስ ነበር። የዚህ አነስተኛ ጥናት ዓላማ ይህ መለያየት ከምን እንደ መጣ፣ አንድ የቤት ኮምፒውተር ባዕድ ዲስክ ለማንበብ ምን ምን እንዳስፈለገው፣ ከዚህም ታሪክ ጽሑፍን ለሚጠብቁ ሰዎች ምን ትምህርት እንደሚገኝ መመርመር ነው። ለምሳሌ የመረጥነው ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ በ1985 ያወጣውን ኮሞዶር 128 ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስተውሉ እንለምናለን።

ልናስረዳው የምንፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ይኸውም ዲስክን ለማንበብ ዲስኩና መሣሪያው ብቻ አይበቁም፤ ዲስኩን የጻፈው ወገን የተከተለውን ስምምነት ማወቅም ያስፈልጋል። ዲስኩ ደኅና ሆኖ ሳለ ስምምነቱ ከተረሳ ጽሑፉ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ሀ. የመለያየቱ መነሻ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው በመጀመሪያ የዲስኩን ልደት እንመልከት። ፍሎፒ ዲስክን ለሥራ ያዋለው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ዘመኑም 1971 ነው። የዲስኩ ስፋት 8 ኢንች ነበር። በ1973 ያው ኩባንያ 3740 ለተባለው የመረጃ መመዝገቢያ መሣሪያው የሚነበብም የሚጻፍም ዲስክ አወጣ። የዚህ ዲስክ ፊት ትራክ በሚባሉ 77 ክብ መሥመሮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ትራክ ደግሞ ሴክተር በሚባሉ 26 ክፍሎች ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ሴክተር 128 ባይት፣ ማለት 128 የላቲን ፊደላት ያህል ይይዛል። በ1974 ጋሪ ኪልዳል የተባለው አሜሪካዊ ሲፒኤም የተሰኘውን፣ ኮምፒውተርን የሚያስተዳድረውን ዋና ፕሮግራም ሲጽፍ ይህንኑ አከፋፈል ተከተለ። ስለዚህ በሲፒኤም የሚሠራ ባለ 8 ኢንች ዲስክ ኮምፒውተር የነበራቸው ሰዎች፣ የመሣሪያዎቻቸው ፋብሪካ ቢለያይም እንኳ፣ ዲስክ የሚለዋወጡበት አንድ የጋራ መሠረት ነበራቸው።

ይህ መሠረት መናወጥ የጀመረው ሹጋርት አሶሺዬትስ የተባለው ኩባንያ በ1976 ባለ 5 ከሩብ ኢንች ዲስክ ድራይቭ ካወጣ በኋላ ነው። ትንሹ ዲስክ ርካሽ ስለ ነበር አነስተኛ ኮምፒውተር የሚሠሩት ፋብሪካዎች ፈጥነው ተቀበሉት። ነገር ግን የሰሌዳውን ስፋት ሁሉም በአንድነት ሲቀበሉ፣ ሰሌዳው እንዴት እንደሚከፈልና እንዴት እንደሚጻፍበት ሁሉም ለየብቻቸው ወሰኑ። ሲፒኤምም ለትንሹ ዲስክ የጋራ ሕግ አላወጣም።

የዚህን ውጤት በአንድ ምሳሌ እንግለጽ። ኦስቦርን እና ኬይፕሮ የተባሉት ሁለት ኮምፒውተሮች በ1981 እና በ1982 ተከታትለው የወጡ፣ በእጅ ሊንጠለጠሉ የሚችሉ፣ ሁለቱም በሲፒኤም የሚሠሩ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ኦስቦርን ኋላ ባወጣው፣ ከፊተኛው እጥፍ በሚይዘው ዲስኩ ላይ ትራኩን እያንዳንዱ 1,024 ባይት በሚይዝ በ5 ሴክተር ከፈለው። ኬይፕሮ 2 ግን እያንዳንዱ 512 ባይት በሚይዝ በ10 ሴክተር ከፈለው። አምስት ጊዜ 1,024 እና ዐሥር ጊዜ 512 ሁለቱም 5,120 ናቸው፤ ይህ በ40 ትራክ ሲባዛም በሁለቱ ዘንድ እኩል 204,800 ባይት ይሆናል። መሬቱ አንድ፣ ስፋቱ አንድ፣ ምርቱም አንድ ሆኖ ሳለ ድንበሩ ብቻ ስለ ተለያየ አንዱ የሌላውን ማሳ ለይቶ ሊያውቀው አልቻለም።

ለ. የንባብ ሦስት ደረጃዎች

ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ዲስክን የማንበብ ሥራ በሦስት ደረጃዎች የሚከፈል ሆኖ እናገኘዋለን።

የመጀመሪያው ደረጃ የምልክቱ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው የማግኔት አቅጣጫ መለዋወጥ ብቻ ነው፤ ይህን መለዋወጥ ወደ አንድና ዜሮ የሚመልስ ዘዴ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ከነበሩት ዘዴዎች መካከል ዋነኞቹ ኤፍ.ኤም.፣ ኤም.ኤፍ.ኤም. እና ጂ.ሲ.አር. ይባላሉ። ኤፍ.ኤም. ቀዳሚውና ቦታ የሚያባክነው ነው፤ ኤም.ኤፍ.ኤም. በዚያው ሰሌዳ ላይ እጥፍ ያህል ይጽፋል፤ ጂ.ሲ.አር. ደግሞ በኮሞዶር ዘንድ እያንዳንዱን አራት ቢት በአምስት ቢት እየተካ የሚጽፍ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የአቀማመጡ ነው። ትራኩ ስንት ሴክተር አለው? ሴክተሩ ስንት ባይት ይይዛል? ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል ወይስ ከአንድ? የፋይሎቹ ማውጫ በየትኛው ትራክ ላይ ይገኛል? በአንዳንዱ ዲስክ ላይ ሴክተሮቹ በተራ እንኳ አይነበቡም፤ ኮምፒውተሩ አንዱን አንብቦ እስኪያሰናዳ ድረስ ዲስኩ ስለሚዞር፣ ቀጣዩ ሴክተር ጥቂት ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበር። በ8 ኢንቹ የሲፒኤም ዲስክ ላይ ይህ እርቀት ስድስት ነበር።

ሦስተኛው ደረጃ የፊደሉ ነው። ከሴክተሩ የሚወጣው ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ 65 የተባለው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚያስረዳ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል ንባብ የለም። በብራና ከተጻፈው መጽሐፍ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። የአባ ገሪማ ወንጌል ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ቢሆን ግዕዝ የተማረ ሰው በዓይኑ ብቻ ያነበዋል። የዲስኩ አንባቢ ግን ከዓይኑና ከፊደሉ በፊት የሚያልፋቸው ሁለት በሮች አሉበት።

ሐ. ኮሞዶር 64 እና ያልተሳካው ሙከራ

ኮሞዶር በ1982 ያወጣው ኮሞዶር 64 በዘመኑ እጅግ ብዙ የተሸጠ የቤት ኮምፒውተር ነው። ዲስክ የሚያነብለት 1541 የተባለው ድራይቭ የራሱ የሆነ ማቀነባበሪያ ያለው፣ ሥራውን ከኮምፒውተሩ ተለይቶ የሚያከናውን መሣሪያ ነበር። ይህ ድራይቭ የሚጽፈው በጂ.ሲ.አር. ብቻ ነው። የዲስኩ 35 ትራኮች እኩል አይከፈሉም፤ ከዳር ያሉት ክቦች ረጃጅም ስለ ሆኑ 21 ሴክተር ሲይዙ፣ ወደ መካከል ያሉት አጫጭሮች 17 ይይዛሉ። በጠቅላላው 683 ሴክተር ሲሆን፣ እያንዳንዱ 256 ባይት ስለሚይዝ ድምሩ 174,848 ባይት ነው።

ኮሞዶር ይህን የመረጠው ደንበኛው ከእርሱ ቤት እንዳይወጣ ለማሰር ነው የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። እኛ ግን ሌላውን ምክንያት ማየት ይገባል እንላለን። የኮሞዶር የዲስክ አጻጻፍ የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ፔት ለተባለው ኮምፒውተር በተሠሩት ድራይቮች ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ኤፍ.ኤም. የሚይዘው ምን ያህል እንደ ሆነ ከኦስቦርን የመጀመሪያ ዲስክ መገመት ይቻላል፤ እርሱ የያዘው 102,400 ባይት ብቻ ነበር። ስለዚህ ኮሞዶር በአንድ ፊት ዲስክ ላይ 170 ኪሎባይት ያህል ማግኘቱ ትልቅ ብልጫ ነበር። ኋላ ኤም.ኤፍ.ኤም. በሁሉ ዘንድ ሲስፋፋ ግን ኩባንያው የቀድሞ ደንበኞቹን ዲስክ ላለመጣል ሲል በያዘው መንገድ ቀጠለ። እንግዲህ በመጀመሪያ ጥበብ የነበረው ነገር በዘመን ብዛት አጥር ሆነ ማለት ነው።

የአጥሩ ክፋት የታየው በ1983 ግድም ነው። ኮሞዶር ለ64ቱ ባለቤቶች ዜድ 80 የተባለውን ማቀነባበሪያ የያዘ ተሰኪ ካርትሪጅ ሸጠላቸው፤ በእርሱም አማካይነት ኮምፒውተሩ ሲፒኤምን ማስኬድ ቻለ። በሲፒኤም ዓለም በዚያን ጊዜ በብዙ የሚቆጠር የጽሕፈት፣ የሒሳብና የትምህርት ፕሮግራም ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ፕሮግራም የተቀመጠው በኤፍ.ኤም. ወይም በኤም.ኤፍ.ኤም. በተጻፉ ዲስኮች ላይ ስለ ሆነ 1541 ሊያነበው አልቻለም። ኮምፒውተሩ ቋንቋውን ተምሮ ሳለ መጽሐፉን ሊከፍት አልቻለም። በዚህም ምክንያት ካርትሪጁ ብዙ ጥቅም ሳይሰጥ ቀረ።

መ. ኮሞዶር 128 እና 1571

ኮሞዶር 128 በጥር 1985 በላስ ቬጋስ በተደረገው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታየ። ይህ ኮምፒውተር ሦስት ጠባይ ነበረው፤ እንደ ኮሞዶር 64 ይሠራል፣ በራሱ በ128 መልክ ይሠራል፣ በሦስተኛም በውስጡ በተተከለው ዜድ 80 አማካይነት በሲፒኤም ይሠራል። የመሣሪያው ዋና መሐንዲስ የነበረው ቢል ኸርድ እንዳስረዳው፣ ዜድ 80 በውስጡ እንዲገባ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የቀድሞው ካርትሪጅ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ሊሠራ አለመቻሉ ነው። ከቀድሞው ኮምፒውተር ጋር ፍጹም ይስማማል የተባለውን ቃል ለመጠበቅ ሲባል አንድ ሙሉ ሁለተኛ ማቀነባበሪያ ተጨመረ ማለት ነው።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ አብሮት የወጣው 1571 የተባለው ድራይቭ ይበልጣል። በዚህ ድራይቭ ውስጥ ሁለት የንባብ መንገዶች ተሠርተዋል። አንደኛው የቆየው የኮሞዶር ጂ.ሲ.አር. ነው፤ ሁለተኛው ደብልዩ.ዲ. 1770 በተባለው ቺፕ የሚሠራው ኤም.ኤፍ.ኤም. ነው። በዚህም የመጀመሪያው በር ተከፈተ። ዲስኩ ሲገባ ድራይቩ አጻጻፉ የትኛው እንደ ሆነ ይመረምራል፤ ኤም.ኤፍ.ኤም. ከሆነም የሴክተሩን መጠንና ቁጥር ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል።

ሁለተኛውን በር የከፈተው በሲፒኤሙ ውስጥ የተጻፈው ሠንጠረዥ ነው። ሲፒኤምን ለኮሞዶር 128 ያዘጋጀው ቮን ኧርትዋይን የተባለው ባለሙያ ሲሆን፣ በሠንጠረዡ ውስጥ የኬይፕሮ 2፣ የኬይፕሮ 4፣ የኦስቦርን እጥፍ ያዥ ዲስክ፣ የኤፕሰን ኪው.ኤክስ. 10 እንዲሁም የአይ.ቢ.ኤም. የሲፒኤም 86 ዲስኮች አቀማመጥ ተመዝግቦ ነበር። ኮምፒውተሩ ድራይቩ ያስታወቀውን ከሠንጠረዡ ጋር ያስተያያል። የሚስማማው አንድ ብቻ ከሆነ ዲስኩን እንደ ራሱ ዲስክ አድርጎ ያነበዋል።

አንባቢያን በተለይ እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። የሴክተሩ መጠንና ቁጥር ከአንድ በላይ ከሆኑ ዓይነቶች ጋር የሚስማማበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሩ በግምት አይሄድም፤ በስክሪኑ ግርጌ የኮምፒውተር ስም የተጻፈበት ሣጥን ያሳያል፤ ተጠቃሚውም በቀስት ቁልፎች ስሞቹን እያገላበጠ ትክክለኛውን መርጦ ያጸድቃል። ስለዚህ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተነብቦ እንኳ ዲስኩ ራሱ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ይቀራል። መልሱ የሚገኘው «ይህ ዲስክ የመጣው ከኬይፕሮ ነው» ብሎ ከሚያውቅ ሰው ወይም ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው።

ይህ ችሎታ ወሰን ነበረው። 8 ኢንች ዲስክ በድራይቩ ውስጥ አይገባም፤ አፕል 2 በራሱ የጂ.ሲ.አር. ዓይነት የሚጽፈው ዲስክም በሠንጠረዡ ውስጥ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ዘመኑ አለፈበት። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተርና ኤም.ኤስ. ዶስ የተባለው ሲስተሙ ገበያውን እየያዙ ስለ ሄዱ በ1985 ሲፒኤም እየከሰመ ነበር። ሆኖም በ1571 ውስጥ የተተከለው ኤም.ኤፍ.ኤም. ከንቱ ሆኖ አልቀረም። ሶግዋፕ ሶፍትዌር የተባለ አነስተኛ ድርጅት ቢግ ብሉ ሪደር የተሰኘ ፕሮግራም አዘጋጅቶ የኤም.ኤስ. ዶስ 360 ኪሎባይት ዲስኮች በኮሞዶር እንዲነበቡና እንዲጻፉ አስቻለ። መሣሪያው ለአንድ ዓላማ ተሠርቶ፣ አዲስ የስምምነት ሠንጠረዥ በፕሮግራም ስለ ተጨመረለት ብቻ ለሌላ ዓላማ ዋለ። በሌላው ወገንም የአይ.ቢ.ኤም. ባለቤቶች ዩኒፎርም እና ሚዲያ ማስተር በተባሉ ፕሮግራሞች የብዙ ሲፒኤም ኮምፒውተሮችን ዲስኮች ያነቡ ነበር። የእነዚህም ኀይል ያው ሠንጠረዥ ነበር።

ሠ. የፊደሉ ነገር

ሁለቱ በሮች ከተከፈቱ በኋላ ሦስተኛው ይቀራል። ኮሞዶር ፔትስኪ የተባለ የራሱን የፊደል ቁጥር ይጠቀም ነበር። ሌላው ዓለም አስኪ በተባለው ሠንጠረዥ 65ን ለትልቁ የላቲን «ኤ» ሲሰጥ፣ ኮሞዶር ትልቁንና ትንሹን ፊደል በሚያሳየው ስልቱ ይህንኑ ቁጥር ለትንሹ «ኤ» ሰጠው። ስለዚህ ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ ደብዳቤ ሳይተረጎም ሲቀርብ ትልልቁ ፊደል ትንንሽ፣ ትንንሹም ትልልቅ ሆኖ ይታያል። የመሥመር መጨረሻ እንኳ አንድ አልነበረም፤ ኮሞዶር በ13 ቁጥር ብቻ ሲያመለክት ኤም.ኤስ. ዶስ በ13 እና በ10 ያመለክት ነበር።

የጽሕፈት ፕሮግራሞችም የየራሳቸው ልማድ ነበራቸው። በሲፒኤም ዓለም ስመ ጥር የነበረው ወርድስታር መሥመርን አስተካክሎ ለመደርደር እንዲያመቸው በየቃሉ የመጨረሻ ፊደል ላይ አንድ ምልክት ቢት ይጨምር ነበር። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም ጽሑፉን ሲከፍተው የየቃሉ መጨረሻ እንግዳ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ ዲስኩ ግን አንዳች ጉድለት የለበትም።

ረ. የእንዲ ዋርሆል ዲስኮች

ይህ ሁሉ የአሮጌ ዕቃ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ታሪክ እንጨምር። ኮሞዶር በዚያው በ1985 አሚጋ የተባለውን ሌላ ኮምፒውተር በኒው ዮርክ ሲያስመርቅ፣ ስመ ጥሩው ሠዓሊ እንዲ ዋርሆል በመድረኩ ላይ የዘፋኟን የዴቢ ሃሪን መልክ በኮምፒውተሩ ሣለ። ሠዓሊው ከዚያም በኋላ በአሚጋ ሌሎች ሥዕሎችን ሠርቷል። ዋርሆል በ1987 ሞተ፤ ዲስኮቹም በፒትስበርግ ከተማ በስሙ በተቋቋመው ሙዚየም ተቀመጡ። ለብዙ ዓመታት ሥዕሎቹ በመዝገብ ያሉ፣ በዓይን ግን የማይታዩ ሆነው ቆዩ።

አሚጋ በኤም.ኤፍ.ኤም. ቢጽፍም ትራኩን በሙሉ በአንድ ጊዜ በራሱ አከፋፈል ስለሚጽፍ በተራ የግል ኮምፒውተር አይነበብም። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ኮሪ አርካንጄል ከተባለው ሠዓሊና ከሙዚየሙ ጋር በመተባበር፣ ክራዮፍላክስ በተባለ የማግኔቱን መለዋወጥ እንዳለ በሚቀዳ መሣሪያ ዲስኮቹን ገለበጡ። ሥራው ግን በዚህ አልተፈጸመም። ሥዕሎቹ የተቀመጡት ገና ለገበያ ባልወጣ ፕሮግራም፣ በማይታወቅ የፋይል አጻጻፍ ስለ ነበር ተማሪዎቹ ያንን አጻጻፍ ከቁጥሮቹ ወደ ኋላ እየተከተሉ መፍታት ነበረባቸው። ውጤቱ በ2014 ለሕዝብ ተገለጸ። ለአንድ ስመ ጥር ሠዓሊ ይህ ሁሉ ድካም ተደረገለት፤ ስም የሌለው የመንደር ጸሐፊ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ወይም የአንድ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ግን እንዲህ ያለ ደጋፊ አያገኝም።

ሰ. መደምደሚያ

ከላይ ከዘረዘርነው የምናገኘው ትምህርት በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ዲስኮቹን የለያያቸው የሰሌዳው ባሕርይ ሳይሆን የሰዎች ውሳኔ ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው በጽሑፍ ከተጠበቀ መለያየቱ ሊታለፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ማግኔት በጊዜ ብዛት ስለሚደክም፣ የድሮ ድራይቮችም እየቀነሱ ስለሚሄዱ፣ ዲስኩን መገልበጥ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልለት ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ የተገለበጠው ቅጂ ብቻውን አይበቃም፤ ዲስኩ በየትኛው ኮምፒውተር፣ በየትኛው ፕሮግራም፣ በስንት ዓመት እንደ ተጻፈ የሚያስረዳ ወረቀት አብሮት መኖር አለበት። የኮሞዶር 128 ሣጥን ተጠቃሚውን የጠየቀው ጥያቄ ነገ የቤተ መዛግብት ሠራተኛን የሚጠይቀው ያው ጥያቄ ነው።

ይህም የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ለየፊደሉ የሰጡት ቁጥር ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያይ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። በዚያ ዘመን በዲስክ ላይ የተቀመጠ የአማርኛ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በሮች ቢያልፍ እንኳ፣ ሦስተኛውን የሚያልፈው የፕሮግራሙን የፊደል ሠንጠረዥ ያስቀመጠ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ፕሮግራሞች መመሪያና የፊደል ሠንጠረዥ ከዲስኮቹ እኩል እየሰበሰቡ ማኖር የታሪክ ተማሪዎች ሥራ ነው ብለን እናምናለን። የነገው የታሪክ ጸሐፊ ስለ 1980ዎቹና ስለ 1990ዎቹ ሲጽፍ በእጁ የሚያገኘው ማስረጃ ብዛት የሚወሰነው ዛሬ በምናኖረው ልክ ነውና።